ሙቀት መጣ ተብሎ ሱቅ አይለቀቅም

ወይዘሮ ዙሃራ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያለውን የጨርቅ ሱቃቸውን ለባላቸው ወንድም ለበከር ሊያስረክቡ ቆርጠው ከቤት ወጡ። የልደታ ኮንዶሚኒየምን ደረጃ ሳያጋምሱት ግን ያ ክፉ ሙቀት ከደረታቸው ተነስቶ ፊታቸውን አጥለቀለቀው። ቁጭ ብለው በሻርፓቸው ጫፍ ሲያራግቡ፣ ከአዳር ሥራ የምትመለሰው ጎረቤታቸው ነርሷ ቀመሪያ ደረሰች።

«እትዬ ዙሃራ፣ ምን ሆኑ?»

«ምች ነው ልጄ። ዓመት ሙሉ አልለቅ አለኝ።»

«ዓመት የሚከርም ምች አለ እንዴ? ሌሊትስ ያልብዎታል? የወር አበባዎስ?»

ወይዘሮ ዙሃራ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ቃኙ። «ኧረ ቀስ በይ! አንሶላው ይጨመቃል። ያኛውም ቀርቷል። ትናንት ላቤ ደንበኛ ፊት ጨርቁ ላይ ተንጠባጠበ። በከር ‹አርጅተዋል፣ ቤት ይቀመጡ› አለኝ፤ እውነቱን ነው።»

«ውሸቱን ነው! የወር አበባ ሲቋረጥ እንዲህ ያደርጋል፤ እናቴንም አድርጓታል። እርስዎ ደግሞ መስኮቱን ዘግተው ራስዎን ያፍናሉ።»

«ላብ ያለበትን ሰው ብርድና ሽታ ይመታዋል ሲባል አልሰማሽም?»

«ዱዓ ላይ አሪቲና ጠጅ ሳር አሽትተው ታመው ያውቃሉ?»

ወይዘሮ ዙሃራ ያለፉትን ዱዓዎች አስታወሱ። አሪቲ ሲሸታቸውስ ልባቸው ይረጋ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሽታ ፈርተው ከዱዓም ቀርተዋል። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሴት አልነበሩም።

«ታዲያ ቅጠል ማሽተት ሙቀቴን ሊያጠፋው ነው? ነርስ ተብለሽ የጠንቋይ ወሬ!»

ቀመሪያ ሳቀች። «ያጠፋዋል አላልኩም። ላቬንደር የሚባለውን አበባ ወይም የጽጌረዳ ዘይት ያሸተቱ ሴቶች እንቅልፋቸው እንደተሻለ፣ ጭንቀታቸው እንደቀለለ የሚናገሩ ጥናቶች ግን አሉ። ሁሉንም እኩል አይረዳም። መሐረብ ላይ ጠብታ አድርገው ያሽትቱ፤ መጠጣት የለም፤ ራስ ካሳመመዎት ይተዉት። መስኮት ይክፈቱ፣ ስስ ልብስ ይልበሱ፣ ሐኪምም ያማክሩ። የቀረው ደም ተመልሶ ከታየ ግን ዛሬ ነገ አይበሉ።»

«በከርስ ምን ይለኛል?»

«የበከር ሚስት ሲያልባት እናየዋለን!»

ወይዘሮ ዙሃራ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልባቸው ሳቁ። ተነስተውም ሱቁ ድረስ ሄዱ። በከር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

«አልሰጥም» አሉት፤ «ሱቁ የእኔ ነው። እያላበኝም እሸጣለሁ።»

ሙቀቱ እስከ ዛሬ ብቅ ይላል። ይሁን እንጂ ወይዘሮ ዙሃራ መስኮታቸውን ከፍተው፣ ትራሳቸው አጠገብ የሚወዱትን ሽታ አድርገው ይተኛሉ፤ ሐኪም ያያቸዋል፤ እኩዮቻቸውንም ይመክራሉ። እንቅልፍ ያገኘች ሴት ከደንበኛ አትጣላም፣ ልጅ ላይ አትጮህም፣ የልፋቷን ፍሬ ለሌላ አሳልፋ አትሰጥም። አፍራ ዝም ያለች ግን ሳታረጅ ታረጃለች።