በካልሲ ላይ የተሾመ ዘንዶ

የገበያ ክፍሉ ኃላፊ ሰዓሊዋን በደላት። ለካልሲው ጌም የሳለችውን ሥዕል አውርዶ የራሱን ሰቀለ፤ የራሱ ሲከሽፍ ድምፁን አጥፍቶ የእሷን መለሰ፤ ከዚያ ስብሰባ ላይ ቆሞ «ሐሳቡ የእኔ ነው» አለ።

ጌሙ ቀላል ነው። ከማጠቢያ የወጡ ካልሲዎች ተደበላልቀው ይመጣሉ፣ ተጫዋቹ አቻ አቻቸውን ፈልጎ ያገናኛል። በስልክ ላይ ባለው የጌም መደብር ውስጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አይከኑን ነው፤ ያቺን ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ሥዕል። ሰዓሊዋ እዚያ ላይ አንድ ቀይ ካልሲ ብቻ ነበር ያስቀመጠችው፤ ሁለት ዓይን ያለው፣ ተረከዙ በሰማያዊ የተጣፈ፣ አቻው የጠፋበት፣ ወደ ጎን የሚያማትር።

ዛሬ ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ ሰዓሊዋ፣ ኃላፊውና ሠራተኛው ሁሉ እትዬ የሚላቸው የድርጅቱ ባለቤት። እትዬ የኃላፊው አክስት ናቸው። የሁለተኛውን ጌም የሥዕል ሥራ ማን ይምራው የሚለውን ከምሳ በፊት ሊቆርጡ ነው። ለእሱ ከሰጡት ሰዓሊዋ ከእንግዲህ የምትስለው እሱ በጣቱ እየጠቆመ፣ ስሙም የእሱ እየሆነ ነው። እትዬ የመጀመሪያው ጌም ሥዕል እንዴት እንደተሠራ እንድትነግራቸው ጠየቋት። አክስት ፊት የወንድሟን ልጅ መንቀፍ እንደማያዋጣ ሰዓሊዋ አሳምራ ታውቃለች። ስለዚህ ማመስገን ጀመረች።

«መጋረጃዋን አሳጠቧት እንዴ እትዬ? ክፍሉ እንዴት በራ! ስገባ እኮ አምፖል የጨመሩ መስሎኝ... ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ሦስት ፎቅ በእግር መውጣት ቀላል አይደለም መቼም። ደግነቱ አንዳንዱ ሰው ደረጃም ሳይረግጥ ይወጣል... ተሰጥኦ ነዋ!»

ኃላፊው ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ስለ ሥዕሉ አሉኝ አይደል? እኔ ምን አውቄ! የእኔ አሠራር የምስኪን አሠራር ነው። የሳልኩትን በጥፍሬ ልክ አትምና ማቀዝቀዣው በር ላይ እለጥፋለሁ። ከዚያ ባሌን ጠርቼ በሩ ላይ አቆመዋለሁ፤ ‹ምን ይታይሃል?› እለዋለሁ። ‹ካልሲ› ካለኝ ተገላገልኩ። እሱ ግን ምን ይለኛል? ‹ቲማቲም›! አሥራ አራት ቀን ሙሉ ቲማቲም! በአሥራ አምስተኛው ቀን ‹ካልሲ... ያውም አቻው የጠፋበት ካልሲ› ሲለኝ አቅፌ ሳምኩት። ያን ቀን ቲማቲም ቢለኝ ኖሮ ትዳራችን አልቆለት ነበር።»

እትዬ ከንፈራቸውን ሰበሰቡ።

«እኔ የማውቀው አንድ ጎበዝ ግን እንዲህ ያለ መከራ ምን በወጣው? ይህን ግድግዳ በሚያህል ስክሪን ዘርግቶ፣ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ፣ በአንድ እይታ ይጨርሰዋል። ቦታ ሞልቶ ተርፎ ለምን ይቆጥብ? ካልሲው ብቻውን እንዳይከፋው አሥራ አንድ ጓደኛ ጨመረለት። ርቱዕ ሰው ነውና የጌሙን ስም ጻፈበት፤ ከሥሩ ‹አእምሮዎን ያድሱ› አለበት። ርችት ተኮሰ። ወርቅ አፈሰሰ። ከዚያ ደግሞ... ኧረ እንዴት እረሳዋለሁ... ዘንዶ! እሳት የሚተፋ ዘንዶ እትዬ! ካልሲ ላይ!»

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

«ከአይከኑ ሥር የሚደረደሩትን የጌሙን ፎቶዎች፣ ስክሪንሾቶቹንስ አላዩም? እኔ ሞኟ የመጀመሪያው ላይ ጣት ሁለት ካልሲ ሲያገናኝ አሳይቼ ነበር፤ ሰው ሳያወርደው አጨዋወቱ ይግባው ብዬ። እሱ ለሰው አእምሮ ክብር አለው፤ ገምቱት አላቸው! አንደኛው ላይ የድርጅቱን አርማ፣ ሁለተኛው ላይ ‹ለአጋሮቻችን ምስጋና›... ሲያስቡት ትሕትና አይደለም? ጌሙን እስከ መጨረሻው ሳያሳይ ቀረ እኮ!

ግድግዳው ላይማ ቤተ መንግሥት ነበር፣ አልዋሽም። ጥፋቱ የሰዎቹ ነው። ምን ነክቷቸው ነው ስልክ ይዘው የሚመጡት? ግድግዳ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ጠፋ? በስልክ ሲያዩት ያ ሁሉ ጥበብ የተረገጠ እንጆሪ መሰላቸው። ያወረዱትም ቢሆኑ ምስጋና የላቸው። አንዷ አንድ ኮከብ ሰጥታ ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው? ‹ሁለት መቶ ጥንድ ካልሲ አገናኘሁ፤ ዘንዶው መቼ ነው የሚመጣው?› አሁን ይሄ የሚቸኮልበት ነገር ነው? ሌላዋ ደግሞ ‹ገንዘቤን አልጠየቅኩም፣ ዘንዶዬን ብቻ ስጡኝ›... ጌሙ በነፃ መሆኑን እንኳ ረስታዋለች! እንዲህ ያስናፈቀ ዘንዶ ማን ስሎ ያውቃል?»

እትዬ ሳሉ። ሳቅ የምትመስል ሳል ነበረች። ሰዓሊዋ ሳቋን ውጣ ፊቷን የሐዘንተኛ ፊት አደረገች።

«ታዲያ ያ ሰው አኮረፈ? ጥፋቱን ለሰው እያሳየ አንገቱን ደፋ? እሱ እቴ! አንድ ማክሰኞ ሰው ሁሉ ምሳ በወጣበት ማንንም ሳያስቸግር ዘንዶውን አሰናበተ፣ ቀዩን ካልሲ መለሰ። ለእኔ እንኳ ትንፍሽ አላለም፤ እንዳልጨነቅ አዝኖልኝ ይሆናል። በሳምንቱ የሚያወርደው ሰው ሦስት እጥፍ ሆነ። ከዚያ ስብሰባ ላይ ምን ሲባል ልስማ? ‹ብዙ ካሰብኩ በኋላ ማቅለል እንዳለብን ደረስኩበት።› እንባዬ መጣ እትዬ! ለካ እኔ ማቀዝቀዣ በር ላይ ስንከራተት የሚያስብልኝ ሰው ነበረኝ! እኔ ደግሞ ራሴ የሳልኩት መስሎኝ ስታበይ... አፈር ልብላ!

ብቻ አንድ ነገር ዘወትር ይገርመኛል። ካልሲው ቀይ ሆኖ ተረከዙ ላይ የተጣፈችው ቦታ ለምን ሰማያዊ ሆነች? እኔ ብናገር ምን ዋጋ አለው፤ ሐሳቡን ያፈለቀ ሰው እያለ...»

እትዬ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሰማያዊ የመተማመን ቀለም ስለሆነ፣ በጥናት የተመረጠ መሆኑን አብራራ። ጥናቱ ሁለት ወር እንደፈጀም ጨመረበት።

ሰዓሊዋ ቦርሳዋን ከፈተች። እጇን እስከ ክርኗ ሰዳ ስትፈልግ ቆየችና አንድ ቀይ የወንድ ካልሲ አውጥታ ጠረጴዛው መሀል ዘረጋችው። ተረከዙ በሰማያዊ ክር ተጥፏል።

«ሁለት ወር! እኔ እኮ ቀይ ክር አልቆብኝ ነበር... የባሌ ነው፣ አይጸየፉት፣ ታጥቧል። ሥዕሉን ከዚህ ላይ ነው የገለበጥኩት። እኔን የገረመኝ የጥናቱ ጥልቀት ነው እትዬ፤ የባሌን ተረከዝ ያህል ነገር ከየት አግኝተው አጠኑት? እኔ ሚስቱ እንኳ ጫማውን ካላወለቀ አላየውም!»

እትዬ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻሉም። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ ሳቁ። ሲበርድላቸው የሁለተኛውን ጌም ማኅደር አንሥተው በሰዓሊዋ ፊት አስቀመጡት፤ በራሷ ስም እንድትመራው፣ የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ሥዕል የሚባል ነገር እንዳይነካ ነገሩ።

ኃላፊው ተነሣ። ፈገግታ አበጅቶ፣ ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን፣ እኔም ከመጀመሪያው ስደግፍሽ ነበር፣ ቂም እንዳትይዢብኝ፣ ይልቅ መርቂኝ አላት። ሰዓሊዋ ማኅደሩን ደረቷ ላይ አቀፈች፤ እሱን አላየችም፤ ወደ እትዬ ዞራ፣ ማር በሚያንጠባጥብ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«እኔስ ማንን ልቀየም እትዬ... እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ይስጠው፣ ከወንበር ወደ ወንበር ያሻግረው... ሠርቶ የሚሰጠው ሰው ብቻ አያሳጣው!»