ረቡዕ በሦስት ሰዓት

እንግሊዝኛ እኮ እኔን የሚያደክመኝ በትንንሾቹ ቃላት ነው። ላሊበላ ስንት ዓመት አስጎብኚ ሆኜ፣ ባለፈው ለአንዲት ፈረንጅ መልእክት ስጽፍ ከረቡዕ በፊት «ኦን» ነው «ኢን»፣ ከሰዓቱ በፊትስ «አት» ነው እያልኩ ስሰርዝ ስደልዝ ዋልኩ። በመጨረሻ አሳምሬ «ረቡዕ በሦስት ሰዓት ገነተ ማርያም እንገናኝ» ብዬ ላክሁላት።

ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ከሚይዙት ሽማግሌ ቄስ ጋር በሩ ላይ ተቀመጥን። አራት ሆነ፣ ስድስት ሆነ፤ የለችም። ስልኳም አይሠራም። «ይሂዱ አባ፣ ይረፉ» ብላቸው «እንግዳ ቀጥሬ?» አሉኝ። ልክ ዘጠኝ ሲሆን ፈገግ ብላ መጣች። በእሷ አቆጣጠር ገና ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። ለካ ትንንሾቹን ቃላት ስመርጥ፣ ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር ጽፌላት ኖሯል!

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። «ተው ልጄ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደል? ጾሙም እስከ ዘጠኝ ነው» ብለው ተነሥተው በሩን ከፈቱ።

«ምን አሉ?» አለችኝ። እንደገና ቃል የምመርጥበት አቅም የለኝም።

«እንኳን በሰዓቱ መጣሽ ነው የሚሉሽ» አልኳት።