ሀያቱን ተክቶ የተመረመረው ሰው

— ሄሎ... አዎ፣ ሀስና ነኝ፣ ሌላ ማን ያንሳልህ? ከመዶሻው ራቅ በል ሀያቱ፣ የምን አለሽ ተራን ቆርቆሮ በሙሉ ጆሮዬ ላይ ነው የምትቀጠቅጡት... እ፣ አሁን ይሻላል።

— እናትህ? ደርሰዋል። እዚሁ ሱቄ ናቸው... እቴቴ፣ እዚያ የመጋረጃው ጥቅል ላይ አረፍ ይበሉ፣ ልጅዎ ነው...

— አዎ፣ ነገሩኝ። ልጅት ተገኝታለች አሉ። «ሁለተኛ ቢያገባ ቅር አይበልሽ፣ አንቺንም አይተውሽም» አሉኝ... ምን እላቸዋለሁ? አንተን ነበር የምጠብቀው።

— አልተቆጣሁም... እሺ፣ ተቆጥቻለሁ። ጠዋት የት እንደነበርኩ ጠይቀኝ እስቲ... ሐኪም ቤት። አዲሷ ሐኪም ጋ።

— ቆይ፣ አታቋርጠኝ። «የባልሽን የዘር ምርመራ ውጤት አምጪ» ብላኝ ነበር፣ ከቁም ሳጥንህ አውጥቼ ወሰድኩላት። ያን የዛሬ ሁለት ዓመት «ምንም የለብህም ተባልኩ» ብለህ ፊቴ ላይ ያወዛወዝከውን ወረቀት። አነበበችውና ቀና ብላ «ባለቤትሽ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር?» አለችኝ።

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?

— የጻፈው ሰው ተሳስቶ? አንተ እኮ ያኔ አርባ ዓመትህ ነበር! ባይሆን ሠላሳ ስምንት ቢል እሺ... ተወው፣ አትድከም። ከዚያ በቀጥታ ፉርቃን ጋ ነው የሄድኩት... አዎ፣ የአጎትህ ልጅ ፉርቃን። ወረቀቱን ሳሳየው አልካደም። በአንተ ቦታ ሊመረመር ስምህን አጥንቶ ሄዷል፣ ዕድሜ ሲጠይቁት ግን የራሱን ተናገረ።

— ክሬም ቀለሙ መጋረጃ አልቋል እህቴ፣ ነገ ብቅ በይ... አንተን አይደለም፣ ደንበኛ ናት።

— «አፈርኩ»? ስላፈርክ ሰው ላክህ? የቀበሌ ሰልፍ ነው እንዴ ተወካይ የሚቆምበት? ለዚህም ውክልና ሰጠህ? እንኳን ደስ አለህ፣ ፉርቃን ጤነኛ ነው። እሱማ ሁለት ልጅ አለው፣ ሳይመረመርም እናውቅ ነበር።

— ስለ ማፈር እኔን ጠይቀኝ። ማህፀኔ ውስጥ ቀለም አስገብተው ራጅ ሲያነሱኝ አላፈርኩም? ያን ጥቁር አዝሙድ በማር ስልስ የከረምኩት ጣፍጦኝ ነው? ባለፈው የልጅ ስም ማውጫ አቂቃ ላይ ሕፃኑን ልታቀፍ ስል እናቱ እንዴት ከእጄ እንደወሰደችው አይተሃል። አጠገቤ ቆመህ «አላህ ያውቃል» አልክ። አላህማ ያውቃል። አንተም ታውቅ ነበር።

— አይደለም... አይ፣ ችግሩ ካንተ ነው መች አልኩ? የሚያቃጥለኝ እኮ እሱ ነው። ካንተ ይሁን ከኔ አናውቅም! ምናልባት ምንም የለብህ ይሆናል። ሐኪሟ «ከሴቷም ከወንዱም ሊሆን ይችላል፣ ከሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ካልታየ ማንን ነው የማክመው?» አለች። ብዙው ነገር ደግሞ ሕክምና አለው አለች... እኔ ሠላሳ ስምንት ሞላኝ ሀያቱ። ሁለት ዓመቴን ነው የበላኸው።

— ምን አልክ?... ካንተ ቢሆን እተውህ ነበር? እንደዚያ ነው የፈራኸው?...

— አታልቅስ። ሰዎቹ ያዩሃል... ወላሂ አልተውህም ነበር። አሁን ግን እንጃ።

— ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሐኪም ቤቱ በር ላይ እጠብቅሃለሁ። በራስህ እግር፣ መታወቂያህን ይዘህ። ያችን ልጅ ደግሞ ዛሬውኑ ነፃ አውጣት፣ በሌላ ሰው ውጤት ልታገባ ነው እንዴ?

— ምን?... «እናቴ እንዳትሰማ»? ጎኔ ተቀምጠዋል አላልኩህም? እኔ ያልኩትን ሁሉ ሰምተዋል። አንተ ያልከውን ራስህ ንገራቸው... እንኩ እቴቴ፣ ያነጋግሩት።

— ዘጋብዎት?... ወዴት ነው እቴቴ? ጫማዎን... እሱ ጋ? ቆዩ፣ ሱቁን ልዝጋና አብረን... እሺ። እሺ፣ ብቻዎን ይሂዱ። ይሄን ወረቀት ግን ይያዙት። ዕድሜው ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ።