የንስሐ አባት የሌለው እንግዳ

እኔ የሺ፣ ሰው ወደ ደጄ ሲመጣ ከውሻዬ ቀድሜ የማውቅ ሴት ነኝ። ባለፈው ግን ተታለልሁ። ልጄ ሩዝ ልታርም ማሳ ወርዳ፣ እኔ ከልጅ ልጄ ከፍሬ ጋር ቤት ነበርሁ። ትምህርት ቤት የሰጣት ታብሌት ጮኸ። ልጅቱ አየት አደረገችውና ደንግጣ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ነጠቅኋት። ጥሪው ተከፍቶ ኖሮ የሚናገረው የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ነው።

«የማን ልጅ ነህ?» አልሁት።

«የዚሁ የቁሐር ሚካኤል አጥቢያ ሰው ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው የንስሐ አባትህ ማን ናቸው?»

«ቆይ እስቲ ላስብ» አለኝ። ቁሐር ሚካኤል ተወልዶ የንስሐ አባቱን ለመናገር የሚያስብ ሰው የት አለ? ልሰድበው አፌን ስከፍት፣ «እማማ የሺ፣ ምን ያስቆጣዎታል?» ብሎ ዘጋው። ስሜን መች ነገርሁት? ወደ ፍሬ ዞርሁ።

«አንቺ፣ ምን ምን ነግረሽዋል?» አልኋት።

«የታብሌቱ ጨዋታ ላይ ነው የተዋወቅነው፤ እንደኔ ልጅ መስሎኝ ነው» ብላ አለቀሰች። «ቤታችን የት እንደሆነ ነገርሁት። እናቴ ማሳ የምትውልበትንም ቀን።»

እጇን ይዤ እየጎተትሁ መምህሯ ዘንድ ወሰድኋት። መምህሩ ሰውዬውን ከታብሌቱ አገዱት፤ የማታውቀው ሰው እንዳይደውልላትም አደረጉ። እገዳውን የሚያነሣውን የይለፍ ቃል ለእናቷ ብቻ እንደሚሰጡ ነገሩኝ።

«በቃ ተዘግቷል፣ እማማ፤ ይረጋጉ።»

«እሱስ ተዘጋ፣ መምህር። ልጅቱ የነገረችውን ከሰውዬው ጆሮ ማን ያወጣልኛል?»

መምህሩ ትንሽ አሰቡና ኮታቸውን አነሡ። «ይነሡ፤ ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሂድ» አሉኝ። እኔ ግን መጀመሪያውንም አልተቀመጥሁም ነበር።