የማህፀን አዋቂው

እስቲ ይቺን ስሙ። ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወጣው ካሚዮን ላይ አንዲት ሴት አጠገቧ ከተቀመጡ ሽማግሌ ጋር ስታወራ ሰማሁ።

«ወዴት ነሽ ልጄ?»

«ጎንደር ሆስፒታል፣ አባባ። ማህፀኔ ላይ እጢ በቅሎ ሊያወጡት ነው።»

«ማን ነው የሚቀድሽ?»

«ጣሊያኑ ሐኪም። ግን የማህፀን አዋቂው ሐኪም ካላገዘኝ ብቻዬን አልደፍርም፣ ደምሽ ያልቃል አለኝ።»

«ደግ ብሏል። እኛስ በሬ ስንገዛ ጎረቤት ሳንጨምር ጥርሱን እናያለን?»

«ከበሬ አወዳደሩኝ?»

«በሬማ እንዳንቺ አይለፈልፍም! አዋቂውስ የት ነው?»

«እዚያው ነው። የጣሊያን ሹሞች ሐበሻ አትንካ ብለውታል አሉ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ትሄጃለሽ?»

«ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ እለፈልፍበታለሁ! ሲሰለቸው እሺ ይላል።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ በሆዴ ያልኩት ግን፦ እናንተ አትንካ ያላችሁት፣ የምትቀደደው እናታችሁ ብትሆን አዋቂውን ትከለክሉት ነበር?