ወይራ የታጠነው ጆግ

በእኛ ጊዜማ፣ ሐያት፣ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ይህን ሁሉ ፕላስቲክ አትሸከምም ነበር። በይ አስቀምጪውና ቁጭ በይ። ከሰንበቴ ገበያ ነው ያመጣሽው? ሳፋ በሳፋ ላይ፣ ኩባያ በኩባያ ላይ፣ ደግሞ አበባው፣ አበባውም ፕላስቲክ? ያ ረቢ። በአያትሽ ወጥተሻል፣ ወላሂ።

አያትሽ ሰኢድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የልዋጩን ድምፅ ከሰማ አይቀመጥም ነበር። ያኔ ከሚሴ ላይ ሰውየው ፕላስቲኩን በጀርባው ቆልሎ "ልዋጭ፣ ልዋጭ" እያለ በየደጁ ይዞራል፣ አሮጌ ልብስ፣ አሮጌ ዕቃ ይወስድና ፕላስቲክ ይሰጣል። ታዲያ ሰኢድ ጫማውን ሰጠና የኮት መስቀያ አመጣ፣ ኮት ሳይኖረው፤ ጋቢውን ሰጠና ባልዲ አመጣ፣ እና ሲበርደው "ባልዲውን ልበሰዋ" እለዋለሁ።

እሱስ ይሁን። አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ስመለስ የወተት ቅሌ ከተሰቀለችበት የለችም። የእናቴ ቅል ናት እኮ፣ ስንት ዘመን በወይራ ያጠንኳት።

"አንተ ሰው፣ ቅሌስ?"

"ለወጥኳት።"

"በምን?"

"በጆግ" ይለኛል፣ ደረቱን ነፍቶ። "ክዳን አለው፣ አይሰበርም፣ ቀለሙን እይው እስቲ፣ ቀይ ነው።"

ሰውየውን ልፈልግ ብወጣ በሚኒባስ ሄዷል። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን እናትሽን ራሂማን ሊጠይቁ የአባትሽ ሽማግሌዎች ከባቲ ይመጣሉ ተባለ። ራሂማ ልጁን ወዳዋለች፣ አፍ አውጥታ አትናገርም እንጂ። የባቲ ሰው ደግሞ ወተት ያውቃል፤ ባልታጠነ ዕቃ ብታቀርቢለት እንደናቅሽው ነው የሚቆጥረው። እና እኔ "ከጎረቤት፣ ከዘሃራ ቅል ልዋስ" ስለው ሰኢድ ተቆጣ።

"ዕቃ ሞልቶን ልመና? ጆጉ ይታጠናላ።"

"ይቀልጣል።"

"አይሰበርም ብሎኛል ሰውየው።"

"ስለ መሰበር ማን አወራ?"

አልሰማኝም። የወይራ ፍሙን ራሱ ጆጉ ውስጥ ጨመረ፣ ክዳኑን ገጠመና ልክ እንደ ቅል ይወዘውዘው ጀመር። መጀመሪያ የጆጉ ሆድ ወደ ውስጥ ገባ፣ ቀጥሎ አፉ ወደ ጎን ተጣመመ። ሽታውንስ አትጠይቂኝ። በዚህ መሃል ሽማግሌዎቹ "አሰላሙ ዐለይኩም" ብለው ከተፍ፣ ሰኢድም ደንግጦ ፍሙን ደፋና ወተቱን በዚያው ጆግ አቀረበው።

ትልቁ ሽማግሌ አንዴ ፉት አሉ። ኩባያውን መሬት አስቀመጡ። እናንተ የዛሬ ልጆች ይህ ምን እንደሆነ አታውቁም፣ ያኔ ሽማግሌ ወተት ቀምሶ ካስቀመጠ ልጅቷን አልፈለግናትም ማለቱ ነው። ራሂማ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ሰኢድ፣" አሉ ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው፣ "ላምህ ምን ትበላለች?"

"ሳር ነዋ፣ አባባ።"

"ጎማ ጎማ አለኝ እኮ።"

እኔ አላስቻለኝም። ሴት በሽማግሌ መሃል አትገባም፣ ገባሁ። ጆጉን አምጥቼ ፊታቸው አቆምኩት፣ እሱም አልቆም ብሎ ተጋደመ። "ላሚቱን አትጠርጥሩ፣ አባባ፣ ጥፋተኛው ይኸው ከነባለቤቱ። ልጄ የለችበትም" አልኳቸው።

ሽማግሌው ጆጉን አዩ፣ ሰኢድን አዩ፣ "ፕላስቲክ አጠንክ?" አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። እና እኔ ሮጬ ከዘሃራ ወተት ከነቅሉ አመጣሁ፣ ጠጡት፣ ጨረሱት፣ ዱዓ ተደረገ። ይኸው አንቺም ተወለድሽ።

ሰኢድ ጆጉን ሊጥለው ተነሳ። "የት ትጥለዋለህ?" አልኩት፣ "ቦርከና ወንዝ ውስጥ? ከብት ሊበላው? ከዛሬ ጀምሮ ውዱእ የምታደርገው በዚህ ነው።" አደረገበትም። አፉ ጠማማ ነው፣ ውሃው እጁን ትቶ እጅጌው ውስጥ ይገባል፣ እና መስጊድ ሲደርስ ክንዱ እየተንጠባጠበ ነው፣ ሰዉ "ዘነበ እንዴ፣ ሰኢድ?" ይለዋል።

ሰኢድ አኼራ ሄደ። ይናፍቀኛል፣ አልዋሽም። ጆጉ ግን ያውና ከበሩ ጀርባ፣ ቀለሙን እንኳ አለቀቀም።

ሐያት ከሸከፈችው ላይ አንዱን ሳፋ አነሳችና "እማማ፣" አለች፣ "ይህንን ሁሉ ልዋጩ ይወስደው ይሆን?"

"እሱማ አይወስድም፣ ልጄ። እሱ የሚወስደው የሚጠቅመውን ነው።"