የጎረቤት ልጅ

ደብረ ማርቆስ፣ በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ በአንድ የልጆች ማሳደጊያ ግቢ፤ ሞግዚቷ እትዬ የሺመቤት በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የአሥራ ሦስት ዓመቷን ዘቢደርን በጉልበታቸው መሀል አጣብቀው ሹሩባ ይሠሯታል፤ ታናናሾቿን አንሙትንና ብርቄን በጉዲፈቻ ሊወስዱ ከስፔን የመጡት ባልና ሚስት አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ ተብሏል።

ዘቢደር፦ ምን አለበት? አንዲት ቃል እኮ ናት። «የጎረቤታቸው ልጅ ናት» ይበሉልኝ፣ በቃ።

የሺመቤት፦ አንገትሽን አታዙሪ! ይኸው መስመሩን አጣመምሽብኝ። የማን ጎረቤት?

ዘቢደር፦ የአንሙትና የብርቄ ነዋ።

የሺመቤት፦ ጉድ ፈላ! ከአንድ ማሕፀን ወጥቶ ጉርብትና ዛሬ ሰማሁ። አጥራችሁ በየት በኩል ነበር?

ዘቢደር፦ እርስዎ ሁሌ ቀልድ ነው።

የሺመቤት፦ ምን ቀልድ አለው? ፈረንጆቹ ቢጠይቁኝ አጥሩን ማሳየት የለብኝም? በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ልታስተምሪኝ ነው?

ዘቢደር፦ ይችሉበት የለ እንዴ! ወረቀት ላይ አቁመው እግሬን በእርሳስ ሲዞሩኝ «ለቅዳሜ ገበያ ነጠላ ጫማ እገዛልሻለሁ» ብለው ነበር። ስንት ቅዳሜ አለፈ?

የሺመቤት፦ ይመጣል። ሩቅ ገበያ ነው ያዘዝኩት።

ዘቢደር፦ ይኸው፣ እሱም ውሸት!

የሺመቤት፦ ነገር አታዙሪ። አሁን የእኔን ምስክርነት ምን አስፈለገሽ? ፋይሉ ላይ እህታቸው መሆንሽ ተጽፎ የለም?

ዘቢደር፦ … የለም።

የሺመቤት፦ እንዴት የለም?

ዘቢደር፦ ያቺ ፋይል የምትሞላው ልጅ ስትመጣ «እህታቸው ነሽ?» አለችኝ። «አይ፣ የጎረቤት ልጅ ነኝ» አልኳት። ስማችንን አየች። እኔ ዘቢደር ታከለ፣ እነሱ አንሙት ጥሩነህ፣ ብርቄ ጥሩነህ። አባታችን ለየቅል አይደል? አመነችና እኔን ለብቻ፣ እነሱን ለብቻ ጻፈችን።

የሺመቤት፦ አባታችሁስ ለየቅል ይሁን። የእናትሽን ስም አልጠየቀችሽም? አስካለ ሦስት ቦታ ስትጻፍ አታይም?

ዘቢደር፦ አስካለ አላልኩም።

የሺመቤት፦ ማን አልሻት?

ዘቢደር፦ አይቆጡም?

የሺመቤት፦ ማን አልሻት?

ዘቢደር፦ የሺመቤት።

የሺመቤት፦ የእኔን ስም?

ዘቢደር፦ ቶሎ በይ ስትለኝ ሌላ ስም አልመጣልኝም።

የሺመቤት፦ ታዲያ እናትሽ የት ናት ስትልሽ?

ዘቢደር፦ ሞታለች አልኳት። «ነፍስ ይማር» ብላለች፤ ጥሩ ልጅ ናት።

የሺመቤት፦ አይ ልጅ! ሳልወልድ አስወለድሽኝ፣ ሳልታመም ቀበርሽኝ! የቁም ተዝካሬን እንኳ ሳላወጣ!

ዘቢደር፦ ተቆጡ።

የሺመቤት፦ ሚዶውን አቀብይኝ።

ዘቢደር፦ እያለቀሱ ነው?

የሺመቤት፦ ሙት ያለቅሳል? ሚዶውን አልኩሽ። በይ ንገሪኝ፣ ይህን ሁሉ ተንኮል ምን አሳሰበሽ?

ዘቢደር፦ እርስዎ ነዎት። ለወጥ ቤቷ ሲነግሯት ሰምቻለሁ፤ «ትልልቆቹን ማን ይወስዳቸዋል? ሦስት ሲሆኑማ ጭራሽ» ብለዋል።

የሺመቤት፦ ይሄ ጆሮሽ ግድግዳ ይበሳል።

ዘቢደር፦ የቢቸናዎቹ አራት ወንድማማቾችስ? ፎቷቸው አገር ለአገር ሲዞር ሁለት ዓመት ሞላው፤ ማን መጣ? እኔ ከመሀል ስወጣ ግን ለእነ አንሙት በሁለት ወር ፈላጊ ተገኘላቸው። ለማያውቅ ሰው ይንገሩ!

የሺመቤት፦ እሺ፣ አንቺ ዋሸሽ እንበል። ያ አንሙትስ? አፉ ወፍጮ ነው፤ ሳይጠይቁት ይዘረግፈዋል።

ዘቢደር፦ አሠልጥኜዋለሁ። ወር ሙሉ! «እታለም» ማለት ቀርቷል፤ ሁለቱም በስሜ ነው የሚጠሩኝ።

የሺመቤት፦ ታላቅን በባዶ ስም? ጎጃም ውስጥ?

ዘቢደር፦ አንሙት ቶሎ ለመደው። «ከዛሬ ጀምሮ ታላቅ አንተ ነህ» ስለው ደረቱን ነፋ። ብርቄ ናት ያስቸገረችኝ። አምስት ዓመቷ አይደል፣ ምን ይገባታል? «እታለም» ባለች ቁጥር ዝም እላታለሁ። አንድ ቀን ውሃ ጠማትና አሥር ጊዜ «እታለም» አለች፤ አልዞርኩም። በአሥራ አንደኛው «ዘቢደር» አለችኝ። ያኔ ቀድቼ ሰጠኋት።

የሺመቤት፦ አንጀትሽ ቻለ?

ዘቢደር፦ እሷ ስትጠጣ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይሄን ደግሞ ለወጥ ቤቷ እንዳይነግሩ።

የሺመቤት፦ ለማን ብዬ። እናትሽ ስትሞት ግን ምን ብላሽ ነበር?

ዘቢደር፦ «አደራ፣ አይራቡ» ነው ያለችኝ። እዚያ አይራቡም። አደራዬን ጨረስኩ።

የሺመቤት፦ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው የሚባለው፤ «አደራን ለመንገደኛ አስረክበሽ ግቢ» የሚል አልሰማሁም።

ዘቢደር፦ እኔ ምን አደርግላቸዋለሁ? ትልቅ ዛፍ ተነቅሎ አይጸድቅም። እነሱ ገና ችግኝ ናቸው።

የሺመቤት፦ ችግኝም ቢሆን አፈሩ ከሥሩ ከተራገፈ ይደርቃል። አንቺ አፈራቸው ነሽ።

ዘቢደር፦ አፈር አሉኝ?

የሺመቤት፦ ልክ ነሽ፤ አፈር የለበስኩትስ እኔ ነኝ።

ዘቢደር፦ ኧረ ተዉኝ በሞቴ! … ደግሞ እርስዎስ?

የሺመቤት፦ እኔ ምን ሆንኩ?

ዘቢደር፦ ጉልበትዎን ማን ያሽልዎታል? «እነሱ ሲሄዱ እኔ ቤት ትገቢያለሽ» ብለውኝ የለ? አልጋውንም አስገብተዋል፤ ባለ አበባ አንሶላ ሳይቀር አይቻለሁ።

የሺመቤት፦ አልጋ አይሻግትም። እንግዳ ይተኛበታል።

ዘቢደር፦ ጠሉኝ ማለት ነው?

የሺመቤት፦ አንቺን? ቤቴ ትገቢያለሽ ያልኩሽ ከልቤ ነበር እኮ፣ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ ዘቢደርዬ። የዚያን ቀን ውሃውን ስትከለክያት ከጓዳ ሆኜ አይቼሻለሁ። ሽንት ቤት ስትገቢም አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አንሶላውን ባነጠፍኩት ቁጥር የሰረቅኩት ይመስለኛል።

ዘቢደር፦ አይተው ዝም አሉ?

የሺመቤት፦ ዝም አላልኩም። ፈረንጆቹ «ጫማ ልናመጣ ነው፣ የልጆቹን እግር ልክ ላኩልን» ሲሉ ዳይሬክተሯ ወረቀትና እርሳስ ሰጠችኝ። አንሙትን አቆምኩ፣ ዞርኩት። ብርቄን አቆምኩ፣ ዞርኳት።

ዘቢደር፦ እሺ?

የሺመቤት፦ ወረቀት ተረፈኝ።

ዘቢደር፦ እትዬ የሺመቤት!

የሺመቤት፦ ምን ላድርግ፣ ብክነት አልወድም።

ዘቢደር፦ የእኔን እግር ስፔን ላኩት?

የሺመቤት፦ በአንድ ፖስታ። ሩቅ ገበያ ነው ብዬሽ አልነበር?

ዘቢደር፦ አበላሹት! ሁሉንም አበላሹት! ምን አሉ?

የሺመቤት፦ «ይሄ ትልቁ እግር የማን ነው?» ብለው ጻፉ። ዳይሬክተሯ ጠርታ አፋጠጠችኝ፤ እውነቱን ነገርኳት። እኔን ተቆጥታ ስትጨርስ ለእነሱ «የታላቅ እህታቸው ነው» ብላ መለሰችላቸው።

ዘቢደር፦ ከዚያስ?

የሺመቤት፦ ሁለት ሳምንት ዝም።

ዘቢደር፦ አዩ!

የሺመቤት፦ እኔም እንቅልፍ አልነበረኝም። ኋላ «ቤታችን ያለው ሁለት አልጋ ነው» ብለው ጻፉ።

ዘቢደር፦ አላልኩዎትም? ይኸው፣ እነሱም በእኔ ምክንያት ሊቀሩ ነው!

የሺመቤት፦ አላስጨረስሽኝም። «ሦስተኛውን አናጢ እየሠራልን ነው። ልጅቷ ግን ትልቅ ናት፣ ከራሷ አፍ እንሰማለን፣ በግድ አንወስድም» ብለዋል።

ዘቢደር፦ … ሦስተኛውን?

የሺመቤት፦ አዎ። ስለዚህ ዛሬ የሚጠይቁት እኔን አይደለም፤ አንቺኑ ነው። «የጎረቤት ልጅ ነኝ» ካልሻቸው ቃልሽ ቃል ነው፣ ሁለቱን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ምን አገባኝ? ሙት አይመሰክርም።

ዘቢደር፦ አሁን ነው የሚነገረኝ? በመጡበት ሰዓት?

የሺመቤት፦ ቀድሜ ብነግርሽ ለዚህም መላ ታበጂለት ነበር። እንደማያውቅ ሆኜ የጠየቅኩሽም ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው። ዝም፣ መኪና ገባ።

ዘቢደር፦ ውይ! ጭንቅላቴ እኮ ገና ግማሹ ነው!

የሺመቤት፦ ግማሹ ይበቃል። የቀረውን ሴትዮዋ ትማርበት፤ ሦስት ራስ ሊጠብቃት ነው ወይ ሁለት።

ዘቢደር፦ አይታየኝም። ምን እያደረጉ ነው?

የሺመቤት፦ አንሙት እንደ ሹም እጅ እየነሳ ነው። ሰውየውም አጎነበሰለት። ሴትዮዋ ብርቄን ልታቅፍ ተንበረከከች … ኧረ ልጅቷ ፈራች። ወደ ኋላ ሸሸች።

ዘቢደር፦ እያለቀሰች ነው!

የሺመቤት፦ እያለቀሰች ነው። ትጣራለችም።

ዘቢደር፦ «ዘቢደር» ነው የምትለው።

የሺመቤት፦ ጎበዝ ተማሪ ናት።

ዘቢደር፦ እንደዚያ እየፈራች እንኳ «ዘቢደር» ነው የምትለው፣ እትዬ!

የሺመቤት፦ ታዲያ ምን ትበል? ሂጂ ውሃዋን ስጫት፤ ባስተማርሻት ስም ነው የጠራችሽ።

ዘቢደር፦ ይልቀቁኝ!

የሺመቤት፦ ከለቀቅኩሽ ቆየሁ እኮ ልጄ። እጄ ጭኔ ላይ ነው።

ዘቢደር፦ ብርቄ! አንቺ ብርቄ! ታላቅሽን በስሟ መጥራት ማን አስተማረሽ? መጣሁልሽ … እታለም በዪኝ!